ያመለጠኝ ጎል፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ። አዳራሹን ያለ ኪራይ ለፈቀዱልን፣ ወንበር ከየቤቱ ሰብስበው ለተሸከሙ ወጣቶች፣ ከሌሊት ጀምረው ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ላደሩ እናቶቻችን እግዚአብሔር ይስጥልን። በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን ሁለት አባሎቻችንን ነፍሳቸውን ይማር። የክብር እንግዶችን በየተራ ማመስገን ወጉ ነበር፤ ዛሬ ግን ቸኩያለሁና ይቅርታ አድርጉልኝ።

የጎንደር ልጆችን ስታዲየም ለማስገባት ባቋቋምነው በዚህ ማኅበር የሠራነው ይኸው ነው፦ ለሠላሳ ልጆች ቀይና ነጭ ማሊያ አሰፋን፣ የሁለት ሰፈር ሜዳ ድንጋይ ለቀምን፣ ስምንት ኳስ ገዛን። ከስምንቱ ሦስቱ ፈንድተዋል። ቀሪውን ጸሐፊያችን ያነብላችኋል። እኔ የምናገረው በሪፖርቱ ውስጥ ስለሌለው ጉዳይ ነው። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ኳስን የማውቀው በጆሮዬ ነበር። የጎረቤታችን ሬዲዮ መስኮት ላይ ይቀመጥና እኛ ልጆች ከአጥሩ ሥር ተደርድረን እንሰማለን። ኳስ ማለት ለእኔ አንድ ሰውዬ ትንፋሹ እስኪያጥረው የሚናገረው ወሬ ነበር። አንድ እሑድ ታላቅ ወንድሜ፣ አያ ነበር የምለው፣ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሲሠራ ካገኛት ሳንቲም ቆጥቦ ኖሮ “ተነሥ፣ ስታዲየም እንሄዳለን” አለኝ። ጫማዬ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ እናቴ ከሣጥን አላወጣችልኝም። በባዶ እግሬ ሄድኩ።

በሩ ላይ ትኬት ተቀባዩ ወረቀቴን ለሁለት ቀደደና ግማሹን መለሰልኝ። የተቀደደ ነገር ስለሰጠኝ የተበደልኩ መስሎኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ገብተን እንደተቀመጥን በዓይኔ የፈለግኩት ያንን የሬዲዮ ሰውዬ ነው። የለም። “አያ፣ ማን ነው የሚነግረን?” አልኩት። “እዚህ ማንም አይነግርህም፤ ራስህ እያየህ ነው” አለኝና ሳቀብኝ።

ሬዲዮው ያልነገረኝ ብዙ ነበር። ኳሱ ሲመታ ድው ይላል፤ የሩቁ ደግሞ እግሩ ከነካው በኋላ ዘግይቶ ነው ድምፁ የሚደርሰው። ተጫዋቾቹ ስም እየተጠራሩ ይጮሃሉ። በረኛው የራሱን ተከላካዮች ይቆጣል፣ ሲወድቅ አቧራ ይነሣል፣ ተነሥቶ ጉልበቱን ያራግፋል። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ዳኛውን እንደ ልጃቸው ሲመክሩት ዋሉ።

ቆሎ ሻጭ መጣች። አያ በአንድ ሲኒ አስለክቶልኝ በሸሚዜ ጫፍ ተቀበልኩ። ከሽንብራው ጥቂት ፍሬ ወደቀችብኝና ለመልቀም ጎንበስ አልኩ። በዚያች ቅጽበት መሬቱ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ቀና ስል የሚታየኝ የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ጎል ገብቷል። እኔ ቆይ ይደግሙታል ብዬ ጠበቅኩ፤ የሬዲዮው ሰውዬ ሁልጊዜ ማን እንዳገባ፣ ከማን እንደተቀበለ ይደግምልን ነበርና። ማንም አልደገመልኝም። የተጋጣሚያችን ቡድን ከየት እንደመጣ ረስቼዋለሁ፣ ስንት ለስንት እንዳለቀም አላስታውስም፤ ያቺ ያመለጠችኝ ጎል ግን እስከ ዛሬ ትታየኛለች። በተለያየ ጊዜ በተለያየ መንገድ አግብቻታለሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጆች ወደ ሜዳው ገባን። መስመሩ በኖራ የተሰመረ ነው። በግራ እግሬ ረገጥኩትና አውራ ጣቴ ነጣ። ማታ እናቴ እግሬን ልታጥብ ውኃ ስታቀርብ እግሬን ከሥሬ ሸሽጌ እንቢ አልኩ፤ በጥፊ ነው የተኛሁት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ለአንድ ጓደኛዬ አሳየሁት። ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ነካውና የራሱን ጣት አየ። እዚህ ሰው ላይ ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንምጣ። የከተማችን ክለብ፣ አፄዎቹ የምንለው ፋሲል ከነማ፣ በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲመለስ በፋሲለደስ ስታዲየም የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ2011 ሻምፒዮንነቱ በአንድ ነጥብ አመለጠን፤ በዚያው ዓመት ግን የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣን። ከዚያ ኮሮና መጣና የ2012 ውድድር ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ክለቦቹ በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። እኛም በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆንነው በዚያ ዓመት ነው። አስቡት እንግዲህ፤ አፄዎቹ በጎንደር አንድም ጨዋታ ሳይጫወቱ የሊጉን ዋንጫ ወሰዱ። የሙጂብ ቃሲምን ጎሎች ከተማዋ የቆጠረችው በቴሌቪዥን ነው። ኮርቻለሁ፤ ፒያሳ ላይ እንደ ልጅ ጨፍሬአለሁ፣ ያየኝ ይመስክር። ግን ቤት ገብቼ ስቀመጥ የሠርጉ ድግስ ሌላ ሰው ቤት ተበልቶ እኛ ፎቶግራፉ የደረሰን መሰለኝ።

በ2012 አንደኛ ክፍል የነበረ የሰፈራችን ልጅ ዛሬ ድምፁ ሊጎረንን ምንም አልቀረውም። የክለቡን ስም ከነተጫዋቾቹ ይጠራላችኋል፤ የአርሰናልንና የማንቸስተርን ደግሞ ከነተቀያሪዎቹ። የገዛ ከተማውን ክለብ በገዛ ከተማው ሜዳ ሲጫወት ግን አላየም። ይህ ማኅበር የተቋቋመው ልጆችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ለማስገባት ነው። ሌላ ዓላማ የለንም። ዕድር ሌላ አለን፣ ዕቁብ ሌላ አለን።

በ2015 መግቢያ ሊጉ ባሕር ዳር ላይ ሲጀመር ሃያ ሁለት ልጆችን በአንድ አውቶቡስ ይዘን ሄድን። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማክሰኝት ሳንደርስ ሁለቱ አስመለሳቸው፤ አዲስ ዘመን ላይ ሙዝ ገዛንላቸው፣ ሦስተኛው በሙዙ አስመለሰው። ስታዲየም ገብተን ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከአጠገቤ የተቀመጠው ልጅ እጄን ያዘና “ጋሼ፣ ተጫዋቾቹ ይነጋገራሉ እንዴ?” አለኝ። በስክሪን ስንት ጨዋታ ያየ ልጅ ነው፤ ሲጠራሩ ሰምቶ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ኳስ ለጥቂት ወጣች። እሱ ለካ ከኋላችን ያለውን ሰው ዞሮ እያየ ነበር። “አይደግሙትም?” ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ክርክሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ጨዋታዎቹ እየራቁ ሄዱ፤ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ። አዳማ ከዚህ 800 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከመካከላችን አንዳንዶች በኅዳሩ ስብሰባ ላይ “በአውቶቡስ የምናወጣውን ገንዘብ ትልቅ ስክሪን እንግዛበት፤ ሃያ ልጅ ከመውሰድ መቶ ልጅ እናሳያለን” አሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ይህን ያኔም አላልኩም አይባልም፣ ዛሬም እላለሁ። የመንገዱ ነገር የሚያሳስብበት ወቅት እንዳለም አውቃለሁ፤ የሰው ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው መንገድ ሰላም ካልሆነ እንቅስቃሴ አያስብም። ነገር ግን ሰብሳቢው እኔ በዚያ ቀን ጠረጴዛ ደበደብኩ። “ስክሪንማ በየሆቴሉ ሞልቶ የለም ወይ!” ብዬ ጮህኩ። ጥፋቴ ነው፤ በጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለጩኸቴ ነው ይቅርታ የምጠይቀው፤ ላልኩት ነገር አይደለም።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች መምጣት አቆሙ። መዋጮውም አብሮ ቆመ። ዘጠና ስድስት አባላት አለን፤ በየወሩ የሚከፍለው አርባ አንድ ነው። አውቶቡሱም አልተንቀሳቀሰ፣ ስክሪኑም አልተገዛ። ሁለታችንም አሸንፈን ልጆቹ ተሸነፉ። ሃምሳ ብር እኮ ነው! ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ጨዋታ ለማየት ከምንቀመጥበት ሆቴል የማኪያቶ ሒሳብ አይበልጥም። እዚያ ተቀምጠን ዳኛ ስንሳደብ አምሽተን በማግስቱ ገንዘብ ያዡ ሲመጣ “ኑሮ ከበደ” እንላለን። ኑሮ ከብዷል፤ አውቃለሁ፣ እኔም ጡረተኛ ነኝ።

አሁን ወደዚያ ጓደኛዬ ልመለስ። ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ኖራዬን የነካው ልጅ ዛሬ ከእኛ ጋር የለም። በሕይወት አለ፤ ጤናው ሙሉ ነው፤ ትናንት አራዳ ገበያ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ አይቶኝ ወደ ሽንኩርቱ ዞረ። የስክሪኑን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እናንተም አትጥሩት። ከእናንተ ውስጥ ዛሬ ማታ የሚያገኘው ሰው እንዳለ ግን አውቃለሁና ይህን አድርሱልኝ፦ ያን ቀን የእኔን ጣት ካየህ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ አባትህን ለምነህ በሚቀጥለው እሑድ ስታዲየም ገብተሃል። የገባኸው በእኔ ወሬ አልነበረም፤ ወሬውንማ በሬዲዮ አብረን ስንሰማው ኖረናል። ሄደህ የራስህን እግር ነው ያነጣኸው። ስክሪኑን ይዘህ ና፤ አብረን እንገዛለን። እኔም ከሃያ ሁለት ልጅ ወደ አሥር ወርጃለሁ። ሰኔ ላይ መንገዱም ሰላም ከሆነ፣ ጨዋታውም ከቀረበልን፣ አሥሩን እንወስዳለን፤ ለቀሩት ያንተን ስክሪን እንከፍታለን። ክለቡ ወደ ሜዳው በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ልጅ በእግሩ ይሄዳል፤ ያኔ ማኅበሩ የሚያወጣው የቆሎ ብቻ ይሆናል። በረኝነት ስትጫወት እንኳ ተቆጥተህ ግቡን ጥለህ አትወጣም ነበር። የመጋቢት መዋጮህም አልገባም።

የአሥሩ ልጆች መመዝገቢያ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጁን የሚያስመዘግብ ሰው ያለፈውን ወር መዋጮ መክፈሉን ገንዘብ ያዣችን ታረጋግጣለች፤ በዘመድም፣ በእኔም ስም ቢሆን ማንንም እንዳታሳልፍ ነግሬያታለሁ። የልጅ ልጄ አይመዘገብም፤ እሱ ባሕር ዳር ሄዷል፣ ሙዙን ያስመለሰው እሱ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊ፣ ሪፖርቱን አቅርብ። ቡናው ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት አይቀርብም፤ አምና ስኒው እንደተነሣ አዳራሹ እንዴት ባዶ እንደሆነ ሁላችሁም አይታችኋል።