ሁለት ደብዳቤ ያልሞላበት ዓመት

የተከበራችሁ የአነስተኛ ድርጅቶች ማኅበራችን አባላት፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም በዕረፍት ቀናችሁ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አዳራሹን ያሰናዱልን እህቶችም እግዚአብሔር ይስጥልን። በዓመቱ ሦስት ሥልጠና ሰጥተናል፤ ሁለት አባላት በንዑስ ተቋራጭነት፣ ማለትም ከዋናው ተቋራጭ ሥር፣ ሥራ ጀምረዋል፤ አንዲት እህታችን ከፌዴራል መንግሥት ጋር በቀጥታ የመጀመሪያ ኮንትራቷን ፈርማለች። ኮርተንባታል። ዝርዝሩን ከጸሐፊው ሪፖርት ትሰማላችሁ።

እኔ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝን ልናገር።

በክረምቱ ማብቂያ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለሕንፃዎቹ ፅዳት የገበያ ጥናት ማስታወቂያ የፌዴራል ጨረታዎች በሚወጡበት ድረ ገጽ፣ በሳም ዶት ጎቭ፣ አወጣ። ጨረታ አልነበረም፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ይህን ሥራ የሚችል አነስተኛ ድርጅት አለ ወይ ብሎ መጠየቁ ነው። በፌዴራል የግዢ ደንብ መሠረት ቢያንስ ሁለት ብቁ አነስተኛ ድርጅቶች በተገቢ ዋጋ እንደሚቀርቡ የግዢ ኃላፊው ካመነ፣ ሥራው ለአነስተኛ ድርጅቶች ብቻ ይለያል። ሁለት! ለአምስት አባላት ደወልኩ፤ አምስቱም በፅዳት ሥራ ከዐሥር ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። ለማስታወቂያው «እኛ እንችላለን» ብሎ የመልስ ደብዳቤ የላከው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት «ጨረታው ሲወጣ እንገባለን» አሉኝ። ጨረታው ሲወጣ ለትልልቆቹም ክፍት ሆኖ ወጣ። ያን ዕለት አራቱም ደወሉልኝ፤ ምን ልበላቸው?

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እርስ በርሳችን እንደባበቃለን። አንዱ ያየውን ማስታወቂያ ለሌላው ከነገረ ሥራው የሚነጠቀው ይመስለዋል። እዚህ ግን ተፎካካሪህ ደብዳቤ ካልጻፈ አንተም በሩ ይዘጋብሃል። ሕጉ ከዓመቱ የኮንትራት ገንዘብ 23 በመቶው ለአነስተኛ ድርጅቶች እንዲውል ግብ አስቀምጧል። ያንን ድርሻ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አያገኘውም።

አንድ ወንድማችን የድርጅቱን የአቅም መግለጫ፣ ማለትም ምን መሥራት እንደሚችል የሚያሳየውን ወረቀት፣ ይዞ ከአንድ መሥሪያ ቤት የአነስተኛ ንግድ ኃላፊ ፊት አብረን ተቀመጥን። ወረቀቱ ላይ ፅዳት፣ ትርጉም፣ ትራንስፖርት፣ ኮምፒውተር፣ የምግብ ዝግጅት ተደርድሯል። ሴትዮዋ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ከዚያ «ዋና ሥራችሁ የትኛው ነው?» አለች። ወንድማችን ዝም አለ። በሳምንቱ ትርጉምን ብቻ አስቀርተን፣ የሠራባቸውን ሦስት ሆስፒታሎች ጨምረን እንደገና ጻፍነው። ዛሬ ንዑስ ተቋራጭ ሆነው ከሚሠሩት ሁለቱ አንዱ እርሱ ነው፤ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

የምስክር ወረቀት ብቻውን ያበላናል የምትሉም አላችሁ። በማኅበራዊና በኢኮኖሚ ለተጎዱ ሰዎች ድርጅቶች ይህን ወረቀት በሚሰጠው የፌዴራል ፕሮግራም፣ በኤይት ኤ፣ በቴነሲ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2023 ከወሰነ ወዲህ የዘር ማንነት ብቻውን እንደ ማስረጃ አይቆጠርም፤ እያንዳንዱ አመልካች የደረሰበትን በደል ራሱ ማስረዳት አለበት። የፌዴራል መንግሥቱ የበጀት ዓመትም በፈረንጆቹ መስከረም መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ነሐሴ ላይ ስልክ የሚያነሣ ሰው ዘግይቷል።

ዛሬ የቀራችሁ ወንድሞቼ፣ ይህ ቃል ይድረሳችሁ። ለለቅሶ ሌሊትም ብንጠራራ አንድ ሰው አይቀርም። ሠራተኞቻችሁን የምታሰነብቱበት ሥራ ሲመጣስ ስለ ምን እንለማመጣችኋለን?

በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ማስታወቂያ ታትሞ ተቀምጧል፤ የመልስ ጊዜው ዓርብ ያበቃል። ከምሳ በፊት ሁለት ድርጅቶች ስማቸውን ይጻፉልኝ፤ ደብዳቤውን አብሬያችሁ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።