ሁለት ክንፍ፣ አንድ ምክር ቤት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ቡዳፔስት ስላለው የሃንጋሪ ፓርላማ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህን ሕንፃ ማየት የምትጀምሩት ከበሩ ባይሆን ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ዳኑብን ተሻገሩና ከማዶ፣ ከወንዙ ዳር ሆናችሁ ፊት ለፊት እዩት። መሃል ላይ ጉልላቱ፣ ከግራና ከቀኙ ቁርጥ አንድ የሆኑ ክንፎች። ብዙ ሰው ለውበት ተብሎ የተደረገ ይመስለዋል። እኔ ግን የሕንፃው ቁልፍ እዚህ ጋ ነው እላለሁ። በተሠራበት ዘመን ፓርላማው ሁለት ምክር ቤት ነበረው። በስተግራችሁ፣ ማለትም በሰሜን፣ የላይኛው ምክር ቤት ተቀመጠ፤ በደቡብ የሕዝብ ተወካዮቹ። ሁለቱ በጋራ ሲሰበሰቡ የሚገናኙት ጉልላቱ ሥር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የላይኛው ምክር ቤት ቀረ። ዛሬ 199 አባላት ያሉት ምክር ቤት የሚሰበሰበው በደቡቡ አዳራሽ ብቻ ነው፤ እናንተ ቲኬት ቆርጣችሁ የምትገቡት በሰሜኑ፣ ባለቤቱ በሌለው መንትያ አዳራሽ ነው።

ንድፉን ያወጣው ኢምሬ ሽታይንድል ነው። ግንባታው በ1885 ተጀመረ፤ በ1902 ሕንፃው ሥራ ሲጀምር እሱ በዚያው ዓመት፣ ጥቂት ቀደም ብሎ አርፏል። ከውጭ ሹል ሹል ማማው ጎቲክ የሚባለው የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ አሠራር ነው፣ ጉልላቱ ግን ከህዳሴው ዘመን፣ የወለሉ አሰላለፍ ደግሞ ከህዳሴው ቀጥሎ ከመጣው፣ ባሮክ ከሚባለው አሠራር የመጣ ነው። ርዝመቱ 268 ሜትር፣ ከፍታው 96 ሜትር። 96 እንዲያው የመጣ ቁጥር አይደለም፤ ሃንጋሪዎች አገራችንን ያቀናነው በ896 ነው ይላሉ፣ የሺህ ዓመቱን በዓል ያከበሩትም በ1896 ነው።

ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ። በጣም የምወደው፣ የሚያሳዝነኝም ይኸው ድንጋይ ነው። የተመረጠው ነጭ የኖራ ድንጋይ ለጠራቢ ይመቻል፤ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ግን ውሃ ይመጥጣል። የከሰል ጭስ ከዝናብ ጋር ሲገናኝ ላዩን ወደ ጂፕሰም ይለውጠዋል፤ ጥቁር ቅርፊት ይይዝና እየተላጠ ይወርዳል። ጎቲክ ደግሞ ጌጡ ብዙ ነው፣ ውሃ የሚያቁርበት ጠርዝና ስርጓዳ በየቦታው ነው። ስለዚህ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ጥገናው ማብቂያ አጥቶ፣ የተበላው እየወጣ ጠንከር ባለ ድንጋይ ሲተካ ኖሯል።

አሁን ወደ ጉብኝቱ። በሜትሮ ከሆነ በሁለተኛው መስመር፣ በትራም ከሆነ በቁጥር 2 መጥታችሁ ኮሹት አደባባይ ትወርዳላችሁ። የጎብኚዎች መግቢያው ከሕንፃው በስተሰሜን፣ ከመሬት በታች ነው። ቲኬቱ ቀን፣ ሰዓትና የገለጻ ቋንቋ የተጻፈበት ስለሆነ ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ግዙ። በዕለቱ እደርሳለሁ ያለ ሰው የሚፈልገው ቋንቋ አልቆ ያገኘዋል። እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ያለ ፍተሻ ስላለ ቀድማችሁ ድረሱ። የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች በቅናሽ ይገባሉ፤ ለዚያ መታወቂያ ይጠየቃል። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ከቡድኑ ተነጥሎ መቆየትም አይቻልም። ስለዚህ የምታተኩሩበትን አስቀድማችሁ ምረጡ።

በትልቁ ደረጃ ላይ ጣሪያው ይማርካችኋል፤ እናንተ ግን ስምንቱን የግራናይት ዓምዶች እዩልኝ። ሽታይንድል በተቻለው መጠን የአገር ውስጥ ዕቃ ነበር የተጠቀመው፤ እነዚህ ግን ከስዊድን የመጡ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ ድንጋይ የወጡ ናቸው። ጉልላቱ ሥር ከ2000 ወዲህ የሃንጋሪ የመጀመሪያው ንጉሥ የእስጢፋኖስ ነው የሚባለው ዘውድ ተቀምጧል። አናቱ ላይ ያለው መስቀል የተንጋደደ ነው፤ ዓይናችሁን አትጠራጠሩ። እዚህ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና በዓይናችሁ ጥገቡ።

ከሰሜኑ አዳራሽ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ጎንበስ በሉ። ከናስ የተሠራ፣ በተርታ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ መደርደሪያ ታያላችሁ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ቁጥር አለው። አባላቱ ወደ ስብሰባው ሲገቡ የለኮሱትን ሲጋር እዚያ ያሳርፉ ነበር፤ ቁጥሩም ሲወጡ የየራሳቸውን እንዲያነሱ ነው።