ዌንት ከየት መጣ?

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ዌንት። «ሄደ» ማለት።

ጎ፣ ዌንት፣ ጎን እያልን በዜማ ሸምድደነዋል አይደል? ግን ጎ እና ዌንት አንድ ድምፅ እንኳ አይጋሩም። ምክንያቱን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ።

ዌንት መጀመሪያ የጎ አልነበረም። ዌንድ የሚባል ሌላ ግስ አለ፤ መዞር፣ መጓዝ ማለት ነው። ሴንድ ሴንት፣ ስፔንድ ስፔንት እንደምንለው የሱም ኃላፊ ጊዜ ዌንት ነበር። ጎ ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ ኃላፊው ኤኦደ ነበር፤ እሱም ራሱ ከሌላ ሥር የመጣ ቃል። 15ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ በደቡብ እንግሊዝ ዌንት ኤኦደን አስወጥቶ ቦታውን ያዘ። ዌንድም ዌንድድ የሚል አዲስ ኃላፊ ወጣለት። በስኮትላንድ ቋንቋ ግን «ሄደ» ለማለት ዛሬም ጌድ የሚሉ አሉ።

ለዚህ ነው ሕፃን ልጅ «ጎኢድ» ሲል መሳቅ የማልወደው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ልጆችም ይሉታል። አንዳንዶቹ እንዲያውም ቀድመው ዌንት ሲሉ ቆይተው፣ ግስ ላይ ኢድ ጨምሮ ኃላፊ ማድረግ የሚለውን ሕግ ሲደርሱበት ነው ጎኢድ ማለት የሚጀምሩት። ልጁ እያሰበ ነው እኮ!

እንደ ጎ እና ዌንት የማይመሳሰሉ ቅርጾች በኛም አሉ። መጣ፣ ይመጣል እንላለን። ስናዝ ግን ና፣ ነይ፣ ኑ። ነው ደግሞ ትናንት ላይ ሲደርስ ነበር ይሆናል። ስለለመድነው አይታየንም።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረው ጥያቄ ነው። «ዲድ ዩ ዌንት?» እንላለን፤ በአማርኛ «ሄድክ?» ብለን ስንጠይቅ ግሱ ስለማይለወጥ። በእንግሊዝኛ ግን ትናንትን ዲድ ብቻውን ተሸክሞታል፤ ስለዚህ «ዲድ ዩ ጎ?» ነው። «አይ ዲድንት ዌንት» የሚለውም እንደዚሁ።

ሌላው ጎን እና ቢን ናቸው። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ዱባይ» ካላችሁ ሄዳለች፣ ገና አልተመለሰችም። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ዱባይ» ግን ሄዳ ታውቃለች ማለት ነው፤ አሁን እዚሁ አጠገባችሁ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ እህታችሁ ቤት ተቀምጣ «ሺ ሃዝ ጎን» ብትሉ፣ ሰሚው መቼ ነው የምትመለሰው ብሎ ይጠይቃችኋል።