በአማርኛ የሚሰማን ባለሙያ (የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆች፣ እናንተም ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን በሰላም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መጣችሁ። ከቨርጂኒያ ማዶ በዚህ ትራፊክ ለመጣችሁ ደግሞ እግዜር ይስጥልን።

ሪፖርቱን ለጸሐፊያችን ትቼ እኔ አንድ ነገር ብቻ ላውራ። የንግግርና የቋንቋ ሕክምና የሚማሩ ልጆች እንፈልጋለን። አማርኛ የሚችሉ። እዚህ አካባቢ ያለነው ባለሙያዎች በጣም ጥቂት ነን፣ የሚጠራን ቤት ግን ብዙ ነው።

አንዲት እናት ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ልጃቸው ደውላልኝ ሄድኩ። ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸው ተይዟል። ባለሙያዋ ደግ ሰው ናት። በስልክ አስተርጓሚ ይዛ ሥዕል ታሳያቸዋለች፤ የፖስታ ሳጥን፣ የበረዶ አካፋ። እሳቸው ዝም። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር» አልኩ። «ስምህ ይቀደስ» አሉ። ከዚያማ እስከ አሜን ድረስ አንድ ቃል ሳይስቱ ወረዱት። ልጃቸው ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። የእሷን ስም ግን መጥራት አልቻሉም።

አፌዝያ የሚባለው ችግር እንዲህ ነው። ሰው አስቦ የሚያወጣው ቃል ይጠፋበታል፤ በልማድ የሚወርደው፣ ጸሎቱ፣ ቁጥሩ፣ የሳምንቱ ቀን፣ ዘፈኑ፣ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሕክምናው እዚያ የተረፈችውን ይዞ ይጀምራል። የተረፈችውን ለማግኘት ግን ሰውየው ምን እየሰማ እንዳደገ ማወቅ ያስፈልጋል።

እኚያ እናት ደግሞ ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸው ነበር። እኛ መዋጥንም እንደምናክም ብዙ ሰው አያውቅም፤ ምግብና መጠጥ ወደ ሳንባ ከገባ ኒሞኒያ ሊያመጣ ስለሚችል ነገሩ ቀላል አይደለም። የቀረበላቸውን የተፈጨ ካሮት እንቢ አሉ። በደንብ የራሰ የሽሮ ፍትፍት ልሞ እስኪጠፋ ተፈጭቶ ሲመጣላቸው ግን በሉ።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። የ5 ዓመት ልጅ «ከጉሮሮው የሚፈነዳ ድምፅ ያወጣል» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ምን ይዘሃል ስለው «ጠጠር!» አለኝ፣ ጥርት አድርጎ። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እንግሊዝኛ ውስጥ የሉም፤ የማያውቃቸው ጆሮ እንደ ችግር ይሰማቸዋል። ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «ገና ነው» የሚሆነውን «ገና»ንም የሚለየው እንደኛ የሰማ ጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የልዩ ትምህርት ሕግ፣ በፍጹም የማይቻል ካልሆነ በቀር ልጁ በራሱ ቋንቋ ይመዘን ይላል። መዛኙ ከየት ይምጣ?

ወላጆች፣ ለእናንተም ሳልናገር አላልፍም። «አማርኛውን ተዉት፣ ልጁን ያደናግረዋል» ከተባላችሁ አትስሙ። ሁለት ቋንቋ የንግግር ችግር አያመጣም። እውነተኛ የቋንቋ ችግር ያለበት ልጅ በሁለቱም ነው የሚቸገረው። በሌላ በኩል «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እያላችሁ ዓመት አታሳልፉ። 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላጣመረ ዛሬውኑ አሳዩት፤ ማሳየት ነውር የለውም።

ተማሪዎች፣ መንገዱ ረጅም ነው ግን ይታወቃል። የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ሌላ ቢሆንም ቅድመ ኮርሶቹን ወስዳችሁ ማስተርስ መግባት ትችላላችሁ፤ እዚሁ አጠገባችን ሃዋርድ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንና ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ያስተምራሉ። 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ አለ፣ 25ቱ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ፕራክሲስ የሚባለውን ፈተና ታልፋላችሁ። ከዚያ ቢያንስ 36 ሳምንት በአንድ ባለሙያ ሥር ትሠራላችሁ፣ በደመወዝ። የማስተርሱ ክፍያ ይከብዳል፣ አልደብቃችሁም። መግቢያውም ፉክክር አለበት። ግን ቤት ውስጥ ከአያታችሁ ጋር የምታወሩት አማርኛ፣ እንደ ትርፍ ነገር የምታዩት፣ እዚህ ሙያ ውስጥ የሥራ ዕቃችሁ ነው። ስለዚህ ማንበብና መጻፉንም አጠንክሩት።

ልጃችሁ «ስፒች ልማር» ሲላችሁ «ለምን ሐኪም አትሆንም?» የምትሉ ደግሞ ያቺን ግድግዳ ተደግፋ ያለቀሰች ልጅ አስቧት።

ምሳ ሰዓት ላይ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ 3 ባለሙያዎች ይቀመጣሉ። 25ቱን ሰዓት የት እንደምትጨርሱ የቸገራችሁ ስማችሁን እዚያ አስመዝግቡ፣ እኛው ጋ እየመጣችሁ ታያላችሁ። ወላጆችም ስለ ልጃችሁ የምትጠይቁት ካለ ሳታፍሩ ኑ። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንቺ ነው።