«ለውሻዬ የእንቅልፍ ክኒን ልስጠው?» እና ሌሎች የአድማጮች ጥያቄዎች

ዛሬ ስልካችንን ያጨናነቁት ውሻ ይዘው በአውሮፕላን ውጭ አገር የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፣ ያውም ትልልቅና አልቀመጥ ባይ ውሻ ያላቸው። የእንስሳት ሐኪማችን እንዲህ መልሰዋል።

ጥያቄ (ከገርጂ)፦ ዶክተር፣ ወደ ቨርጂኒያ ልሄድ ነው፣ 38 ኪሎ የሚመዝን ጀርመን ሸፐርድ አለኝ። ትኬት ብቆርጥለት አጠገቤ ይቀመጥልኛል?

መልስ፦ አይቀመጥም እህቴ። ከአውሮፕላኑ ሆድ፣ ከታች ነው የሚሄደው፣ ሙቀቱና የአየር ግፊቱ በተስተካከለ ክፍል፣ አትፍሪ።

ጥያቄ (ከአያት)፦ እኔም አሜሪካ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ እበራለሁ፣ ውሻው 2 ዓመቱ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቺፑ፣ ቆዳው ሥር ከሚገባው የመለያ ቁጥር! ሁሌ ነው የምለው፣ መጀመሪያ ቺፕ ከዛ ክትባት። ቺፕ ሳይገባለት የተወጋውን የእብድ ውሻ ክትባት አይቆጥሩልህም፣ «ባለፈው ዓመት አስከትቤዋለሁ» ብትል ማንም አይሰማህም። ኢትዮጵያ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ከሚላቸው አገሮች ውስጥ ናት፣ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ደግሞ ሕጉ ጠብቋል። ክትባቱን በወሰደ ቢያንስ በ30 ቀኑ ክትባቱ መሥራቱ እንዲታይ ደም ይቀዳና ሲዲሲ ወደተቀበለው ላብራቶሪ ይላካል፣ ደም ከተቀዳ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን ቆይቶ ነው መግባት የሚችለው። 30 እና 28 ደምርማ፣ 58! ሁለት ወርህ አለቀች እኮ ወንድሜ። የደም ውጤት ከሌለው እዛ ሲደርስ 28 ቀን ኳራንቲን ይገባል፣ ሂሳቡን የምትከፍለው አንተ ነህ። ወረቀቱን እኔ ብፈርምም የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። ሌላው፣ በስድስት ኤርፖርት ብቻ ነው የሚገባው፣ እሱም እዛ ያለው የእንስሳት ማቆያ ጋ ቀድመህ ቦታ ይዘህለት። የዋሽንግተኑ ደለስ አንዱ ነው። ደለስ ነው ያልኩት፣ ዳላስ ቴክሳስ አይደለም፣ ሀበሻ ሁለቱንም «ዳላስ» ስለሚል ነው።

ጥያቄ (ከሳሪስ)፦ የኛ ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ነው የሚፈታው፣ ሲፈታ ግቢው አይበቃውም፣ ሰው ላይ ይዘላል። ጎረቤቴ ካናዳ ስትሄድ የእናቷን የእንቅልፍ ክኒን ግማሹን በሥጋ ጠቅልላ ሰጥታው እንደ ሕፃን ተኝቶ ደረሰ ትላለች። ለኔ ስንት ሚሊግራም ይበቃዋል?

መልስ፦ ዜሮ። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ስልኩን ዘግተሽ ቀጥታ ጎረቤትሽ ጋ እንደምትሄጂ ስለማውቅ ስሚኝ። ይሄ መድኃኒት የደም ግፊቱን ያወርደዋል፣ ትንፋሹን ያደክመዋል፣ ሰውነቱ ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ የሚጓዝበት ሳጥን ሲንገጫገጭ እግሩን ተክሎ መቆም አይችልም፣ ቢያስመልሰው ራሱ ትውከት ሊያንቀው ይችላል፣ እና ይሄ ሁሉ ሲሆን አንቺ ላይ ዶሮ ወይስ ሥጋ እየተባልሽ ነው፣ ከታች ማንም ገብቶ አያየውም! ደግሞ የሰው ክኒን ውሻ ላይ ተገላቢጦሽ ሊሠራ ይችላል፣ ዲያዜፓም ወስደው ጭራሽ የሚያብዱ አሉ። ዝም ቢል እንኳ ዝም ያለው አካሉ ሊሆን ይችላል እንጂ ፍርሃቱ እዛው ነው። አንድ ደንበኛዬ እኔን ሳይጠይቅ ሰጥቶት ውሻው ኤርፖርት ላይ እየተንገዳገደ ሲያዩት አንቀበልም አሉት፣ ሰውየው በረረ፣ ውሻው በወንድሙ መኪና ሰፈሩ ተመለሰ። ጎረቤትሽ ዕድለኛ ናት፣ በቃ።

መድኃኒቱ ልምምድ ነው። ሳጥኑን ከሁለት ወር በፊት ግዢና በሩን ከፍተሽ ግቢ አስቀምጪው፣ ምሳውን እዛ ውስጥ ይብላ፣ ከዛ በሩን ለአምስት ደቂቃ ዝጊ፣ ከዛ ለግማሽ ሰዓት፣ ከዛ ይደርበት። በገመድ ተይዞ መሄድም አሁኑኑ ይልመድ። ቀን ሙሉ የታሰረ ውሻ ጉልበቱን የት ያድርገው? ጠዋት ጠዋት አስሮጪው። የበረራው ቀን ደህና አድርጎ ይንሸራሸር፣ ያልታጠበ ቲሸርትሽን ውስጥ አንጥፊለት። ክኒን ግን የለም፣ አረቄም የለም (ባለፈው አንድ ሰው ጠይቆኛል፣ እየሳቅኩ አይደለም)።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ ሳጥኑን በያጅ ቢሠራልኝስ?

መልስ፦ ለኃይለኛ ውሻ የሚፈቀድ የብረት ሳጥን አለ፣ ግን ሳታሠራ አየር መንገዱን ጠይቅ። ያ የሚታጠፈው የሽቦ ኬጅ አይሆንም። ቆሞ ጆሮው ጣራ የማይነካ፣ መዞር የሚችል፣ ተዘርግቶ የሚተኛበት ይሁን።

ጥያቄ (ከመገናኛ)፦ ልጄ ጀርመን ነው፣ ውሻውን ላክልኝ ይላል።

መልስ፦ ቺፕ፣ ክትባት፣ በ30 ቀኑ ደም፣ ከዛ ሦስት ወር ጥበቃ። ልጅዎ ይታገስ አባቴ።

ጥያቄ፦ ከመብረሩ በፊት ይብላ?

መልስ፦ ቀለል ያለ፣ ከአራት አምስት ሰዓት በፊት። ውሃ ግን አትከልክሉት፣ ሳህኑ ላይ በረዶ አድርጋችሁ ብታስሩለት አይደፋም።

ጥያቄ (ከላፍቶ)፦ የኔ ሰሞኑን ያስለዋል፣ ሐሙስ ነው በረራችን...

መልስ፦ ሳል በስልክ አይታይም የኔ እህት። ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ውሰጂው፣ ሳንባው ሳይደመጥ እንዳይሳፈር። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ነው አይደል የገባው? ... ሄሎ? ... ዘጋችው መሰለኝ።