የቆጠራው ስልት መስቀለኛ ጥያቄ ይቅረብበት

የተከበራችሁ ዳኞች፣ ጠበቆችና የሕግ ተማሪዎች፤ እንኳን ወደ ደብረ ማርቆስ በሰላም መጣችሁ። መርሐ ግብሩ ስለ ፍትሕ አስተዳደር በጠቅላላው እንድናገር ይላል። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና እኔ የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፦ ለሕዝብ ቆጠራ ስልት።

በ1999 ዓ.ም. በሕዝብ ቆጠራው ቆጣሪ የነበረ ወዳጄ ወደ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሄዶ ነበር። የኔታ ገና መዝገቡን ሲያዩ፣ «ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ምን መቅሰፍት እንደ ወረደ አላነበብህም?» ብለው ተቆጡ። ሲለማመጣቸው አረፈደ። በመጨረሻ ፈቀዱለት፤ ተማሪው ግን አኩፋዳውን ይዞ ቁራሽ ልመና ወጥቷል። ማታ ጠብቆ ጎጆ ለጎጆ ዞረ። አንዱ የላስታ ልጅ፣ «እኔን እናቴ ታስቆጥረኛለች» አለው። እናቲቱስ? «ልጄ ጎጃም ነው» ሳትል አትቀርም። መመሪያው ሰው በመደበኛ መኖሪያው ይቆጠር ይላል፤ ያ ልጅ የት ተቆጠረ?

ውጤቱ ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ተባለ፤ ከትንበያው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ። የአገሪቱ ዓመታዊ ዕድገት 2.6 በመቶ ሲሆን የእኛው 1.7 ሆነ። ወሊድ ቀንሶ ይሆን? ፍልሰት? ትንበያው ራሱ ተሳስቶ? ሁሉም ይቻላል፤ እኔም ቁጥሩ ሐሰት ነው ብዬ አልፈርድም። በምክር ቤት ጥያቄ ተነሥቷል፣ ማብራሪያም ተሰጥቷል። ግን ስሌቱን የሠራ ባለሙያ ምሎ መስቀለኛ ጥያቄ ሲመልስ ከእናንተ መካከል ያየ አለ? ለአንድ ጥማድ መሬት ወሰን ሦስት ምስክር የምንጠራ ሰዎች፣ ለሚሊዮኖች አንድም አልጠራንም!

ዩታ የተባለችው የአሜሪካ ግዛት በ2000 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከ900 ባነሰ ሰው ልዩነት የምክር ቤት መቀመጫ አመለጣት። መልስ ያልተገኘበትን ቤት በጎረቤቱ መረጃ የመሙላት ስልት ሕገ ወጥ ነው ብላ ከሰሰች፤ በ2002 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታች። ተረትታለች፤ ስልቱ ግን በአደባባይ ተመርምሯል። ከዚያ በፊትም በ1999 እ.ኤ.አ. ያው ፍርድ ቤት ለመቀመጫ ክፍፍል ናሙና መጠቀምን ከልክሎ ነበር።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ፣ የምርጫ ክልልም በውጤቱ ይወሰን ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ተራዘመ፣ በ2011 ደግሞ ተራዘመ። የሕዝብ ቁጥር እየታየ ለክልሎች ስለሚከፋፈለው የበጀት ድጎማ አልናገርም፤ ታውቁታላችሁ።

ቀጣዩ ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር በሕግ ይጻፍ፦ ያልተገኘ ሰው የሚሞላበት ስልት አስቀድሞ ይታተም፤ የድኅረ ቆጠራ ቅኝቱ፣ ማለትም ማን እንደ ቀረ ለማወቅ ከቆጠራው በኋላ በናሙና የሚደረገው ማጣሪያ፣ ውጤት ከቆጠራው ጋር ይውጣ፤ ቅሬታ ያለው ወረዳ በየትኛው ችሎት፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከስ ይወሰን። ረቂቁን ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከሻይ በኋላ በዚሁ አዳራሽ ጠብቁኝ።