የስልክ መልእክትና የወንጀል ችሎት

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ላውራ።

ጥብቅና ላይ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። አንዷ ስልኳን ዘርግታ፣ "ይኸው ቴሌግራም ላይ የተጻጻፉት፣ ባሌን አሳስሪልኝ" ትላለች። ወንዶቹም ይመጣሉ፤ እነሱ እንዲያውም ይብሳሉ።

አዎ፣ በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 አመንዝራነት ያስቀጣል። ግን የተበደለው የትዳር ጓደኛ ካላመለከተ ፖሊስ በራሱ አይነሳም። አቤቱታው ደግሞ ጉዳዩን ባወቁ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙ ሰው ያንን ጊዜ ሽማግሌ ሲልክ ይጨርሰዋል። ሽምግልናው ጥሩ ነው፤ ቀኑ ግን ይቆጥራል።

ወደ ማስረጃው ስንመጣ ነው ጉዱ። ችሎቱ "ተዋደው ነበር ወይ?" ብሎ አይጠይቅም፤ ግንኙነቱ መፈጸሙን ነው የሚፈልገው። "ናፍቀሽኛል" የሚል መልእክት መናፈቁን ያሳያል፣ በቃ። አልጋ ይዘው ሲገቡና ሲወጡ ያየ ምስክር ጠንከር ይላል። እሱም ቢሆን በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን አላየም። የዓይን ምስክር እንደማይገኝ ዳኛም ያውቃል፤ ስለዚህ የአካባቢ ማስረጃው፣ ማለትም ድርጊቱን በቀጥታ ባያሳይም መፈጸሙን የሚጠቁመው ሁሉ፣ ተደራርቦ ይመዘናል። ካልበቃ ተከሳሹ መከላከያ እንኳ ሳያቀርብ በነፃ ይሰናበታል። ያኔ ከሳሿ ሰፈር ውስጥ የሚጠብቃትን ወሬ አስቡት።

ዓቃቤ ሕግ "ማስረጃው አይበቃም" ብሎ ቢመልሳትስ? በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፣ በአቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ወንጀል ራሷ እንድትከስ በጽሑፍ ይፈቅድላታል። የግል ክስ ማለት ይሄ ነው። ዳኛው ክሱን ከማንበቡ በፊት ሊያስታርቃቸው ይሞክራል። እኔ ይህችን ነገር እወዳታለሁ።

ፍቺ ብቻ ከሆነ የተፈለገው ግን ይሄ ሁሉ ለምን? አዲስ አበባ ላይ የሚሠራበት የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለመፋታት ዝሙት አስረጂ አይልም። እኔ ብጠየቅ ከወንጀል ችሎቱ ይልቅ ወደዚያ ነው የምልከው።

ቅጣት ተወስኖ ይግባኝ የሚል ካለ ደግሞ ሁለት ቀጠሮ አያምታታ። ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚል ያሳውቃል። የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ማመልከቻውን ያስገባል። ያለጥፋቱ ከዘገየ ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድለት ይችላል፤ "ረሳሁት" ግን ምክንያት አይሆንም። የመጨረሻው እርከን እስከሆነው ሰበር ችሎት ድረስ ከሄደም እዚያ የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው፤ ምስክሩ ዋሽቷል የሚለው ክርክር ታች ቀርቷል።